በእናቴ መደብ ውስጥ የተኛው መስኮት

እናቴ ሌባ አልነበረችም። ሌላውን ሁሉ ከመናገሬ በፊት ይህ ይመዝገብልኝ። በከተማችን ራስ ላይ ባለው ግንብ ውስጥ፣ በድምፅ ማጉያ፣ ከሩቅ በመጡ እንግዶች ፊት፣ «የአካባቢው ነዋሪ የግንቡን ድንጋይ እየዘረፈ ለቤቱ መሥሪያ አዋለው» ሲባል በሁለት ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ነዋሪ ስም የለውም፤ ስለዚህ ማንም አይከፋበትም። እኔ ግን ያ ድንጋይ በማን ቤት እንደ ተገኘ አውቃለሁ። የተገኘው በእናቴ ቤት ነው። ዘራፊ የተባለችውም እናቴ ናት። እርሷ ከሞተች ቆይታለች፤ መልስ መስጠት አትችልም። በሕይወት ሳለችም አልቻለችም ነበር። ለምን እንዳልቻለች ነው የምነግራችሁ።

ነገሩን የሰማሁት በክረምት፣ ዝናብ ጥሎ ባባራበት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ግንባችን ከደብረ ታቦር ቁልቁል፣ ወደ ሐሙሲት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከትንሿ ከተማችን በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ቆሟል። የትኛው ንጉሥ እንዳሠራው አዋቂዎች እስካሁን አልተስማሙም። እኛ ግንቡ ብለን እንጠራዋለን፤ ሌላ ግንብ ስለሌለን ይበቃናል። ለብዙ ዘመን ፍየል ሲያድርበት ኖሮ፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ጣራ ለብሶ የባህል አዳራሽ ሆኗል። የፈረስ ቤት የነበረው ክፍል የልጆች ማንበቢያ ነው። በትልቁ ክፍል መድረክ ተሠርቶ በየበዓሉ ይዘፈናል፣ ተውኔት ይታያል፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሡበታል። የልጅ ልጄ ከከተማው የውዝዋዜ ቡድን ጋር እስክስታ ትመታለች፤ እርሷን ለማየት ነበር የሄድኩት።

ከፊት ወንበር አስቀመጡኝ። በጎኔ ያለው ግድግዳ ዝናብ ነክቶት ነበርና ኖራውና ቀዩ ድንጋይ ሸተተኝ። ርጥብ ኖራ የማይሸት እንዳይመስላችሁ፤ ይሸታል። እሳት ላይ ውኃ ሲደፋ የሚወጣው ዓይነት፣ ትንሽ የሚኮመጥጥ፣ ትንሽ የሚጣፍጥ ሽታ ነው። ዓይኔን ጨፈንኩ። ያ የእናቴ ቤት ሽታ ነው። በክረምት፣ መደባችን ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ስተኛ የማሸትተው እርሱን ነበር። ዓይኔን እንደ ጨፈንኩ ሳለሁ አስጎብኚው ልጅ ማጉያውን አንሥቶ ያን ቃል ተናገረ።

እንግዲህ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ትንሽ ልጅ ሳለሁ የግንቡ ጣራ ድሮ ወድቆ፣ ግድግዳውና መስኮቶቹ ነበሩ የቀሩት። መስኮቶቹ ያምሩ ነበር። ዙሪያቸው ከቀይ ድንጋይ እየተጠረበ፣ ከላይ እንደ ቀስተ ደመና ጎብጦ የተገጠመ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ በምሥራቁ መስኮት ብርሃን እየገባ ማዶ ግድግዳ ላይ ሌላ መስኮት ይሥላል። ውኃ ቀድተን ስንመለስ እንስራችንን አውርደን ያን እናይ ነበር። እርግቦች ይኖሩበታል። ጥላውም ለሁሉም እኩል ነው፤ የሀብታም ልጅም የድኻ ልጅም እዚያ ይቀመጣል።

አንድ ዓመት መንገድ የሚሠሩ ሰዎች መጡ። ወንዙ ዳር ድንጋይ የሚፈጭ መኪና ተከሉ። ሲነሣ ቤታችን ያለው የሸክላ ዕቃ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ከየማሳው የተለቀመ ድንጋይ ፈጩ፤ ማሳው ስለ ጠራ ገበሬው መረቃቸው። በኋላ ግን ፎርማኑ ቀና ብሎ ኮረብታውን አየ። «የተጠረበ ድንጋይ ተቆልሎ ሳለ ምን አደከመን?» አለ አሉ። ከውጭው አጥር ጀመሩ። ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አደግድገው ሄደው ቢለምኑት «ፍርስራሽ እኮ ነው አባቶች፤ መንገድ አይሻላችሁም?» ብሎ መለሳቸው። ከዚያ ወደ አውራጃው አቤት ሊሉ ወጡ፤ ዛሬ ነገ እየተባሉ ይመላለሱ ጀመር። አጥሩ በዚህ መሐል አለቀ።

እናቴ የማርያም ማኅበርተኛ ነበረች። ሴቶቹ አሥራ ሁለት ናቸው፤ በወር በወሩ ጽዋው ከቤት ቤት ይዞራል። በዚያ ወር ተረኛዋ እናቴ ነበረችና ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ካህኑ ጸሎት አድርሰው ሁሉም ተቀምጧል። እኔ እጅ አስታጥባለሁ። መኪናው ከወንዙ ዳር ግርርር ይላል። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት አለቃቸው፣ ባልቴት ነበሩ፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሰው ሲያጠፋ ዓይናቸውን የማይሰብሩ። እርሳቸው ዋንጫቸውን አስቀመጡና እንዲህ አሉ።

«ወንዶቹ ደጅ እየጠኑ ነው። ደጅ ሲጠና ግንቡ ዱቄት ይሆናል። እኔ የምለው፣ መስኮቶቹን እናንሣቸው።»

ጠላ ጠማቂዋ ማኅበርተኛ ሳቀች። «እትዬ፣ መስኮት ደግሞ እንዴት ተደርጎ ይነሣል ይላሉ? ቀዳዳ አይደል?»

«ቀዳዳውን ተይው፤ ለእርሱ አህያ አያስፈልግም። ዙሪያውን ነው የምልሽ።»

ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ማንም «አይሆንም» ሳይል ነገሩ ያለቀው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው።

በገበያ ቀን ሆነ። ሠራተኞቹ ደመወዝ ተቀብለው ወደ ገበያ ወርደዋል፤ ዘበኛቸው ከግንቡ ጥላ ተኝቷል። ሴቶቹ ከየቤታቸው አህያ እየነዱ፣ ጭድ የተሞላ ጆንያ ጭነው፣ ወደ ገበያ እንደሚሄድ ሰው በኮረብታው በኩል አለፉ። ሲመለሱ ጆንያው ከብዶ ነበር። ኖራው አርጅቶ፣ መኪናውም አናግቶት ስለነበር ድንጋዩ ብዙ አላስቸገረም። የአንዱ መስኮት ድንጋይ ከሌላው እንዳይቀላቀል ለየቤቱ አንድ አንድ መስኮት ተከፈለ፤ መስኮት ያልደረሳት ማኅበርተኛ የበር ጉበን ወሰደች። ለእናቴ የምሥራቁ ደረሳት።

እናቴ ድንጋዮቹን እንዲሁ አልቆለለቻቸውም። የቤታችንን መደብ አፈረሰችና፣ በግድግዳው ላይ እንደ ነበሩበት ተራ፣ ጉብጠታቸውን ሳይለቁ፣ መሬት ላይ አስተኛቻቸው። በላያቸው ጭድና እበት የገባበት ጭቃ መረገች። ጭቃውን የረገጥኩት እኔ ነኝ፤ እግሬ እስከ ጉልበቴ ቀዝቅዞ ትዝ ይለኛል። ሲደርቅ መደብ ሆነ። ግንቡ መስኮቱን አጣ፤ እኛ መስኮት ላይ ተኛን።

በሚቀጥለው ወር ማኅበሩ በሌላ ቤት ሲሰበሰብ የማኅበሩ አባት፣ የሁሉም የንስሐ አባት የነበሩት ቄስ፣ መስቀላቸውን አንሥተው ገዘቱ። ይህን ነገር ለውጭ ሰው ያወራች፣ የባልንጀራዋንም ቤት የጠቆመች፣ የተገዘተች ትሁን አሉ። ግንቡን የሚሠራው ሰው ሲመጣ እኔው እፈታችኋለሁ አሉ። ሴቶቹ «አሜን» አሉ። በእኛ አገር ግዝት እንደ ቁልፍ ነው፤ የቆለፈው ሰው ነው የሚከፍተው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው እስከ ዛሬ ፈገግ እላለሁ። ጽዋው በየወሩ ወደ አዲስ ቤት ሲገባ ማኅበርተኞቹ ከመቀመጣቸው በፊት መደቡን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉና በዝቅታ «አለሽ?» ይላሉ። ድንጋዩን ነው። «እግዜር ይመስገን፣ አለች» ይባባላሉ። ዓመቱ ሲዞር እያንዳንዱ መስኮት ተጎብኝቶ ያልቃል። ነገሩ ያልገባቸው ልጆች ሥርዓት መስሏቸው እነርሱም ሲገቡ መደብ ይመቱ ጀመር። የሠፈራችን ልጅ ሁሉ ቤት ሲገባ መደብ እየመታ አደገ።

ሀቁን ላለማድበስበስ፣ ድንጋይ የሰረቀም ሰው ነበር። በግንቡ ድንጋይ በረቱን ያጠረ አውቃለሁ። እርሱን ሌባ ቢሉት አልከራከርም። የእኔ ክርክር ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው ነው።

መንገዱ አለፈ። መኪናው ተነቅሎ ወደ ሌላ አገር ሄደ። ከግንቡ ግማሹ ቀረ፤ መስኮት የነበረበት ቦታ እንደ ወለቀ ጥርስ ሆነ። ሴቶቹ ድንጋዩን ለማን ይመልሱት? ባለቤት የለውም። «የሚሠራው ሰው ይምጣ» እያሉ ጠበቁ። ዓመት ዓመትን ወለደ። መንግሥት ተለወጠ፣ ቀበሌ መጣ፣ እኔም ጡቴ አጎጠጎጠ።

የሚሠራው ሰው የመጣው ያን ጊዜ ነው። ከከተማ አንድ ባለሙያ መጥቶ ግንቡን በሜትር ለካ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሕዝቡን ሰብስቦ «ከግንቡ ድንጋይ የወሰደ ያምጣ» አለ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ይህችን ቀን ነበር የጠበቁት። ነገር ግን ካህኑ አልነበሩም፤ ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዟቸው ወንዛዬ ፍል ውኃ ሄደዋል። «አባ እስኪመለሱ» ተባባሉና ዝም አሉ።

ዝናቡ ግን አባን አልጠበቀም። ጣራችን አፍስሶ ከመደቡ አንዱ ጥግ ተናደ። ሊቀ መንበሩ ለስብሰባ ሊጠራ ደጃችን ሲመጣ ቀዩ ድንጋይ ከጭቃው ውስጥ ታጥቦ እንደ ሥጋ ይታያል። ጎንበስ አለ። በጣቱ ነካው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ድንጋይ» አለች እናቴ።

«ድንጋይ መሆኑንማ አያለሁ። የማን ነው?»

ዝም አለች።

«አንቺ ሴት፣ ደንቁረሻል?»

«ጆሮዬስ ደኅና ነው።»

«አፍሽስ?»

«አፌ አሁን የኔ አይደለም» አለችው።

እውነቷን ነበር። እርሱ ግን ያሾፈችበት መሰለው። ወስዶ የቀበሌው እህል መጋዘን ውስጥ ቆለፈባት። ሰው ሁሉ ደጃፉ ላይ ቆሞ ያያል። ማኅበርተኞቹ በሰው መሐል ቆመው ያለቅሳሉ፤ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘዋል።

ምሳ ይዤላት ስሄድ ጠባቂው በበሩ ቀዳዳ አናግሪያት አላለኝም፣ ግን ዞር አለልኝ። በሳንቃው መሐል ዓይኗ ብቻ ይታየኛል።

«ለምን አትነግሪውም?» አልኳት። ተቆጥቼ ነበር። «አልሰረቅኩም በይ።»

«አልሰረቅኩም ካልኩ፣ ታዲያ ምን ስታደርጊ አገኘሁሽ ይለኛል። ያን ስመልስ የሌሎቹን ቤት መንገሬ ነው። የአባ ግዝት እንደ ፈለግሽ የምትጥሺው መሰለሽ?»

«አንቺ ብቻሽን ልትታሰሪ?»

«እኔ ጣራዬን ባለመድፈኔ ነው የተያዝኩት። ያ የኔ ጥፋት ነው፤ የእነርሱ አይደለም። ይልቅ ሂጂና አባን አምጪልኝ።»

ሙሴያችንና እኔ በማግስቱ ማልደን ወጣን። ጤፍ የጫነ መኪና ላይ ተሳፍረን ሐሙሲት ድረስ ወረድን። ከኬሻው ላይ ተቀምጠን፣ ጎማው ኮረት ሲረግጥ ሙሴያችን ቁልቁል እያዩ «ይኸውና፣ የንጉሡ አጥር ላይ እየሄድን ነው» አሉ። አልሳቅኩም። እርሳቸውም አልሳቁ። ከሐሙሲት በእግራችን ወንዛዬ ገባን።

ወንዛዬ ሩቅ ሳለን ሸተተን፤ የገማ እንቁላል ዓይነት ነው። እንፋሎቱ ከጠዋቱ ብርድ ጋር ተደባልቆ ሰው ከወገቡ በላይ ብቻ ሲሄድ ይታያል። የወንዶቹ መታጠቢያ በቅጠል ተከልሏል፤ ሴት አትገባም። ከአጥሩ ውጭ ቆምን።

«ጩኺ» አሉኝ ሙሴያችን። «የኔ ድምፅ አልቋል፤ ያንቺ ገና አልተነካም።»

«አባ!» ብዬ ጮኽኩ። «አባ፣ ይፍቱን!»

ከእንፋሎቱ ውስጥ የታወቀ ድምፅ መጣ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ!» ውኃው ተንቦጫረቀ። መልሰው መነከር ጀመሩ ማለት ነው።

«እንዲያ አይደለም! ከግዝቱ ይፍቱን!»

«ከየትኛው ግዝት?»

«ከመስኮቱ!»

አንድ የማናየው ሰው «አባ፣ ባገራችሁ መስኮትም ይገዘታል እንዴ?» አለ፤ ወንዶቹ ሁሉ በሳቅ ፈነዱ። የካህኑ ድምፅ ግን ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ጋቢያቸውን በርጥብ ገላቸው ላይ ጣል አድርገው፣ እግራቸው ከሙቀቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ እያነከሱ ወጡ። መጀመሪያ የተናገሩት «ማን ታሰረች?» የሚል ነው።

ሙሴያችን ነገሯቸው። ካህኑ አጠገባቸው ባለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

«እኔ የገዘትኩት የሚፈጨው ሰው እንዳይሰማ ነው እንጂ…» አሉና አልጨረሱትም።

«ታዲያ መኪናው ሲሄድ ለምን አልፈቱንም?» አሉ ሙሴያችን። ለቄስም ዓይናቸውን አይሰብሩም ብያችኋለሁ።

«ረሳሁት።»

ካህን «ረሳሁት» ሲል ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ሌላ ሰው ቢሆን ምክንያት ይደረድር ነበር። እርሳቸው አንዲት ቃል ብቻ ተናገሩና ልብሳቸውን ሊለብሱ ገቡ። የታጠቡት ገና ጥቂት ቀን ነበር፤ አብረዋቸው የነበሩት ሕመምተኞች «ሳይጨርሱ ከወጡ ይብስብዎታል» ቢሏቸው «እኔ በጉልበቴ ልታመም፤ እርሷ በእኔ አፍ አትታሰር» አሏቸው። እውነትም ባሰባቸው። ከዚያ ወዲያ ያለ ምርኩዝ አልሄዱም። ለእኚህ ሰው እስከ ዛሬ በተስካራቸው ቀን ሻማ አበራለሁ። ስንት ሰው ነው ስለ ሌላ ሰው ስም ጉልበቱን የሚሰጥ?

ቀበሌው ደጃፍ ደርሰው መስቀላቸውን አወጡ። ሊቀ መንበሩ፣ ጠባቂውና የሠፈሩ ሰው ሁሉ እያየ «ያሰርኩትን ፈትቻለሁ። ተናገሩ» አሉ።

አቤት ያን ጊዜ! የስንት ዓመት ቃል ባንድ ጊዜ ወጣ። አሥራ ሁለቱም ባንድ አፍ፤ እናቴም ከመጋዘኑ ውስጥ፣ ከሳንቃው ጀርባ ትናገራለች። የአህያው፣ የጆንያው፣ የጭዱ፣ የማን ቤት የቱ መስኮት እንዳለ። ሊቀ መንበሩ ጆሮውን ያዘ። «አንድ በአንድ!» ይላል። ማን ሰምቶት።

ሲጨርሱ ግን አላመነም። «እስከ ትናንት ዝም ያለ አፍ ዛሬ እንዴት እንዲህ ተፈታ? ቄሱ አስጠንቷችሁ ነው» አለ። እርሱንም ልበድለው አልፈልግም፤ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነበር፤ በጽዋ የሚጠበቅ ድንጋይ ሰምቶ አያውቅም። ድንጋዩ እስከ ተመለሰ ድረስ ግድ አልሰጠውም። እናቴን ለቀቃት። ሴቶቹ ያን ዕለት መደባቸውን አፈረሱ። አህያ እየጫኑ ሲወጡ እንደ ድሮው ተደብቀው አልነበረም፤ በመሐል መንገድ ነበር። ያን ክረምት ሙሉ አሥራ ሁለት ቤት መሬት ላይ ተኛ። ብርዱ ከጎኔ ባይወጣም አልከፋኝም።

የከፋኝ የመጨረሻው ነው። ድንጋዩ ሁሉ ኮረብታው ላይ ሲደረደር ሊቀ መንበሩ በሰው ፊት ቆሞ «ከሕዝብ የተዘረፈው ንብረት ተመልሷል» አለ። አጨበጨቡ። የተዘረፈ ካለ ዘራፊ አለ፤ ታስራ የታየችው ደግሞ እናቴ ብቻ ናት።

ምንጭ ስወርድ አንዲት ልጅ «የድንጋይ ሌባ ልጅ፣ እንስራሽ ውስጥ ምን አለ፣ ግንብ?» አለችኝ። እንስራዬን አስቀምጬ ተያያዝን። የእርሷ እንስራ ተሰበረ። ቤት ስገባ እናቴ ፊቴን አየችና ጠየቀችኝ።

«ማን ጀመረ?»

«እሷ።»

«እንስራውን ማን ሰበረ?»

«እኔ።»

«ስድቡ የሷ ነው፤ እንስራው ያንቺ ነው። የኛን ወስደሽ ስጫት።»

እያለቀስኩ ወሰድኩላት። ፍትሕ ማለት ምን እንደሆነ ትምህርት ቤት አልተማርኩም፤ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። የተማርኩት እንስራ ተሸክሜ ሰው ደጅ ቆሜ ነው።

ግንበኞች መጥተው መስኮቶቹን መለሱ። ሥራው እዚያ ላይ ቆመና ግንቡ ለረጅም ዘመን ጣራ የለሽ ቀረ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በሥሩ ታልፋለች። አንድ ጠዋት አብሬአት ነበርኩ፤ ቆም አለች። ፀሐይ ወጥታ በምሥራቁ መስኮት ብርሃኑ ሲገባ አየችና «ተመስገን፣ ዓይኗ በራ» አለች። ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። «ሰው ግን ሌባ ይልሻል» ስላት «እመቤቴ ታውቃለች» አለችኝ። እመቤቴ ማወቋ መልካም ነው። እኔ ግን ሰውም እንዲያውቅ ነበር የምፈልገው። በዚህ ከእናቴ ጋር እንደ ተለያየን ሞተች።

እንግዲህ ያ አስጎብኚ ማጉያውን ይዞ «እየዘረፈ» ሲል የተነሣሁት በጉልበቴ ሳይሆን በቁጣዬ ነበር።

«ማነው ነዋሪ?» አልኩ።

«እማማ፣ ይቀመጡ፤ እንግዶች አሉ።»

«በእንግዳ ፊት ስለ ሰደብከኝ ነው በእንግዳ ፊት የቆምኩት።»

የልጅ ልጄ ከመድረኩ ጀርባ ሐፍረት ሊገድላት ነበር። ልጁ ግን አልተቆጣም፤ ማጉያውን ዝቅ አደረገና «እኔ የተሰጠኝን ነው የማነበው እማማ፤ ኃላፊዋን ያነጋግሩ» አለኝ። ትሕትናውን እወድለታለሁ። እርሱ ባይሳሳት እኔም ይህን ስናገር አልገኝም ነበር።

የአዳራሹ ኃላፊ ከደቡብ የመጣች ወጣት ሴት ናት። ያን ግንብ ከፍየል አውጥታ የሰው ቤት ያደረገች እርሷ ናት፤ ይህን ሳልመሰክርላት ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ታሪኬን ሁሉ ጸጥ ብላ ሰማችኝ።

«እማማ፣ ልጁ የሚናገረው ባለሙያ አጥንቶ ያቀረበውን ነው። ማስረጃ ካለ አስተካክላለሁ።»

«ማስረጃው እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ያን ጊዜ ልጅ ነበሩ።»

«ልጅ ይዋሻል?»

«አይዋሽም። ይረሳል።»

«የእናቱን መታሰር?»

የነገርኳትን ደብተሯ ላይ ጻፈች። ቢሆንም ቃል አልሰጠችኝም። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ እሄድ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን በዘበኛ ያስመልሰኝ ነበር፤ እርሷ ግን ወንበር ታስወጣልኛለች። እርሷን ስጠብቅ ማንበቢያው ክፍል እቀመጣለሁ። ፈረስ ይታሰርበት በነበረው ቤት የገበሬ ልጆች ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሲያነቡ ሳይ ቁጣዬ ይበርዳል። የእናቴ ስም ተነክቶም ቢሆን ግንቡ ቆሟል፤ ቆሞም ልጅ ያስተምራል። አመስግኜ እገባለሁ። በሳምንቱ ደግሞ ተቆጥቼ እመለሳለሁ።

ከማኅበርተኞቹ በሕይወት የቀሩት አንዲት ብቻ ናቸው፤ ይፋግ ከተማ ልጃቸው ቤት ይኖራሉ። ይህንንም ለኃላፊዋ ነገርኳት።

ጥቅምት ላይ፣ ጭቃው ሲጠነክር፣ ኃላፊዋ በእግሯ እቤቴ መጣች። ጫማዋን በር ላይ አወለቀች። ተቀመጪ ብላት ትንሽ አመነታችና መደቡ ላይ ተቀመጠች።

«ይፋግ ሄጄ ነበር እማማ። አላስታወሱም።»

«ልጃቸውንም አያስታውሱ። መሄድሽ ግን እግዜር ይስጥሽ።»

«ባለሙያውንም ጠየቅኩት። ሰዎች ሲሉ ሰምቶ ነው የጻፈው፤ እነማን እንደ ነበሩ አያውቅም።»

«እንግዲያው እርሱም ማስረጃ የለውም።»

«የለውም።»

ውጭ ዶሮ ይጭራል።  

«እንግዲህ ምን ትዪኛለሽ?» አልኳት።

«ያን ቃል አስወጥቼዋለሁ። ከእሑድ ጀምሮ ልጁ የሚናገረው ‹መስኮቶቹን ከፈጪው አትርፈው ያቆዩልን የማርያም ማኅበር እናቶች ናቸው› ብሎ ነው።»

ይህን ስሰማ ማልቀስ ነበረብኝ፤ አላለቀስኩም። አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር።

«ይህ ልጁ የሚለው ነው» አልኳት። «ያ ሊቀ መንበርም ድንጋዩን ተቀብሎ ነበር፤ እናቴን ግን አላመናትም። አንቺስ?»

ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«እኔማ እናትዎን አምኛቸዋለሁ።»